ግድግዳው ላይ የቀረው ጥላ

የካቲት 8፣ እሑድ

የሳሎኑን አምፖል ቀየርኩ። ልጄ ሃና ከዓለም ባንክ ሰፈር መጥታ ነበር፤ «አባዬ ወንበር ላይ አትውጣ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?» አለች። ልቤን ካመመኝ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። ሐኪሙ መጥቶ አምፖል ይቀይርልኛል?

ባለቤቴ ጥሩብርሃን ዛሬም ልቅሶ ቤት ናት። ሳንሱሲ ሰፈር። ሟቿን ታውቂያታለሽ ወይ አልኳት። የአንዷ ማኅበርተኛዋ አክስት ናት አለች... ማለት አታውቃትም። ማታ ዓይኗ አብጦ፣ ድምጿ ሻክሮ ገባች። በዚህ ሁለት ዓመት ያልደረሰችበት ድንኳን የለም። ሙሾ አልወድም፤ በኔ ቤት እንደማይገባ ታውቃለች። ባለቤቴ ግን የሰው ሬሳ እየፈለገች የምትዞር ሴት ሆናለች። ምን ይሉታል ይሄን?

እንደ ሁልጊዜው እሑድ ካርቱም ላለው ልጄ ለወንድዬ ደወልኩ። ያቺ በአረብኛ የምታወራዋ ሴትዮ መለሰችልኝ። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ። ካርቱም ጦርነቱ ከተነሳ ጀምሮ ኔትወርክ የላቸውም። ልጄ ደግሞ ጄኔሬተር ጠጋኝ ነው፤ መብራት በጠፋበት አገር ጄኔሬተር ጠጋኝ ሥራ አይፈታም። ሞቷል የሚል ካለ ያየውን ያሳየኝ ብዬ አንዴ ተናግሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ያነሳብኝ ሰው የለም።

ስደውል ሃና ዕቃ ልጠብ ብላ ተነሳች። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

በየነ መጣ። የእድራችን ሊቀመንበር። ወረዳው ለሽማግሌዎች አውቶቡስ መድቧል፤ ቅዳሜ ትልቁን የሳይንስ ሙዚየም እንድናይ። ጎረቤቶቻችን ነገሬና ኑሕም ተመዝግበዋል አለኝ። አልሄድም አልኩ። ወረዳ በነጻ ያደረገልኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

«መብራትና ማሽን ነው ሞልቶበታል የሚሉት፣ አምሐ» አለ። «አንተ ካላየኸው ማን ሊያየው ነው?»

ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ የተጣለ ሬዲዮ እየፈታሁ ኤሌክትሪክ የተማርኩ ሰው ነኝ። ደካማ ጎኔ የት እንዳለ ያውቃል በየነ።

እሺ አልኩ።

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ካልጻፍኩት ይምታታብኛል።

ለጥሩብርሃን የምሄድበትን አልነገርኳትም። መውጣት መግባቴን የማሳወቅ ልማድ የለኝም። አውቶቡሱ ከ18 ማዞሪያ የሚነሳው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በየነ ግን ችኩል ነው። ገና በቅጡ ሳይነጋ ሦስቱም መጡ። ብርድ ነበር፤ ሦስቱም ጋቢ ደርበዋል። ጫማዬን ሳስር በሩን እሷ ከፈተች።

ጩኸቷን ሰማሁ።

«ወንድዬ! ወንድዬ ልጄ!»

ስወጣ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋ ወድቆ፣ ደረቷን እየመታች... ወዲያው ገባኝ። በማለዳ ጋቢ ለብሰው ደጅ ላይ የሚደረደሩ ሽማግሌዎች መርዶ እንጂ ሌላ ምን ይዘው ይመጣሉ? ለሌላ ጉዳይ የማለደ ሰው ከበር ሳይደርስ «ለደህና ነው፣ ለደህና ነው» ይላል። እነዚህ አላሉም። በየነ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ነገሬ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሯል።

«ለሙዚየም ነው የመጡት! ሙዚየም ልንሄድ ነው!» አልኩ።

ልቅሶዋ ቀጥ አለ። ሰው እንዲህ ማልቀስ ሲያቆም አይቼ አላውቅም፤ ቧንቧ የዘጉ ያህል። ቀና ብላ ያየችው እኔን አይደለም፣ በየነን ነው። በየነ ራሱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቀላት። ትንሽ ብቻ።

«ሰይጣን አሳሳተኝ» አለች። ተነስታ አቧራዋን አራገፈች። «ሂዱ፣ ይረፍድባችኋል።»

ሦስቱን ተቆጣኋቸው። ጎረምሳ ይመስል ሳታስቡ በማለዳ ሰው ደጅ... ኑሕ «ልክ ነህ፣ ጋሽ አምሐ፣ ጥፋቱ የኛ ነው» አለ። ሌሎቹ መልስ አልሰጡም። በየነ መልስ የማይሰጥ ሰው ነው እንዴ?

አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ተጫዋች ሆኑ። የኛ ሁዳዴ፣ የኑሕ ረመዳን፤ ጴንጤው ነገሬ ብቻ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል። በየነ «በጾም ቀን ከጴንጤ አጠገብ ያስቀመጠኝ ማነው?» አለ። ኑሕ ደግሞ «አንተ ቢያንስ ውሃ ትጠጣለህ» አለው። ሁሉም ሳቁ። ሳቃቸው የበዛ መሰለኝ። በየመሐሉ ወደኔ ያያሉ፤ ሳያቸው ወደ መስኮት ይዞራሉ።

ሙዚየሙ ከውጭ ክብ ነው፤ የተደፋ ሰፊ ሳህን ይመስላል። የምታስጎበኘን ሚስኪ የምትባል ልጅ ናት። ፈጣን ናት፣ ግን ትሰማለች። ፊት አይቶ ዕድሜ የሚገምት ማሽን ፊት አቆመችኝ። ስልሳ ሁለት አለኝ፤ ዕድሜዬን ቀነሰልኝ። «ማሽኑም ጉቦ ይበላል ማለት ነው» አለ ኑሕ። የሚናገር ሮቦትም አለ። እንደምን አደራችሁ አለን። ነገሬ ጎንበስ ብሎ እግዚአብሔር ይመስገን አለው፤ አፈረ በኋላ። ሽቦውን ለማየት በጀርባው ዞርኩ። ሁሉም ተሸፍኗል። የዘንድሮ ማሽን ሆዱን አያሳይም።

ከዚያ ጣሪያው ክብ የሆነ ጨለማ አዳራሽ አስገቡን። ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል። ጣሪያው በሙሉ ሰማይ ሆነ። ቀጥሎ ምድርን ከላይ አሳዩን፣ በሌሊት፤ ከተሞቹ እንደ ፍም ያበራሉ። ዓባይን ለየሁት። የብርሃን ክር ሆኖ ግብፅን ይሻገራል። ክሩን ይዤ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበት ጋ ስደርስ ጥቁር ነው። የጠፋ ምድጃ።

«አየህ?» አልኩት ነገሬን። ከጎኔ ነበር። «መብራት የለም። በምን ይደውላል ልጁ?»

ነገሬ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። እንቁላሉ አንቆት መሰለኝ። መብራቱ ሲበራ ግን በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ ነው። ጨለማው ዓይኔን አስነባው አለኝ።

ጨለማ ዓይን ያስነባል?

መጨረሻ ያየነው የጥላ ክፍል ነው። አንድ ግድግዳ ብርሃን የሚጠጣ ቀለም ተቀብቷል። ሰው ግድግዳው ፊት ይቆማል፣ ከኋላ ኃይለኛ መብራት አንዴ ብልጭ ይላል። ከዚያ ሰውዬው ይሄዳል፤ ጥላው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ግድግዳው አረንጓዴ ሆኖ ሲያበራ ሰው የነበረበት ብቻ ጥቁር ነው። ጥሩብርሃን ብታየው ታማትብ ነበር።

እኔ ፊት ቆምኩ። ሦስቱ ከኋላዬ። ብልጭ አለ። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ።

እኔ ቀረሁ። መሐል ላይ ያለው ጎባጣ ማነው አልኩ... እኔ ነኝ። ከጥላዬ በስተኋላ ተለቅ ተለቅ ብለው ሌሎች ጥላዎች አሉ። አንደኛው ባርኔጣ አለው። ወደ ጎን ዞሯል፤ አፍንጫው ይታያል። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል። ዝም በል እንደሚል ሰው። ሌላኛው መዳፉን ዘርግቶ ወደ ጎባጣው ያሳያል። ወደኔ። ንገረው እንጂ፣ እስከ መቼ... የሚል እጅ ነው። ነገሬ ሲለምን እጁ እንዲህ ነው፤ ስንት ዓመት አውቀዋለሁ።

በጀርባዬ ይህ ነበር። ስንት ጊዜ ነበር?

ሚስኪ ተመልሳ መጣች። «አባባ፣ ጥለውዎት ሄዱ። ሌላ እንሞክር?»

«ይሄ ነገር ይሳሳታል?» አልኳት።

ጥያቄው ገረማት። «አይሳሳትም፣ አባባ። መብራቱ ሲበራ የነበረውን ነው የሚይዘው፤ ሌላ ነገር አያውቅም።»

«ይጠፋል?»

«ቀስ እያለ።»

እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ መዳፉ ጠፋ፣ ከዚያ ጎባጣው። ባርኔጣውና ጣቱ ቆዩ።

ስመለስ «እንዴት ነበር?» አለች ጥሩብርሃን። ጥሩ ነው አልኳት። የጠዋቱን ነገር ሁለታችንም አላነሳንም።

የካቲት 15፣ እሑድ

ዛሬ ለወንድዬ አልደወልኩም። ስልኩን አነሳሁት፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አልደወልክም?» አለች ጥሩብርሃን።

ኔትወርክ የለም አልኳት።

የካቲት 16፣ ሰኞ

በመንፈስ አላምንም። በጥላ ወጊም፣ በምንም። የማላምን ሰው ነኝ።

ግን ቤቴ ውስጥ ብቻዬን አይደለሁም። ራሴ የቀየርኩት አምፖል ሲበራ ጥላዬ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ ከኋላው ሌላ የምጠብቅ ይመስል ዞሬ አያለሁ። ማንም የለም። ከጓዳ ድምፅ ሰምቼ ሄድኩ። ጥሩብርሃን ናት፤ የወንድዬን ብርድ ልብስ አጥባ ታጥፋለች። ማንም አልለበሰውም፤ ለምን ታጠበ? አልጠየቅኩም።

ወደ ኑሕ ሱቅ ወጣሁ። አራት ሰዎች ያወራሉ። ስደርስ ዝም አሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ እኔ ስደርስ ሰው ዝም ይላል። እስከ ዛሬ ክብር መስሎኝ ነበር።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ለሃና ደወልኩ። ሚሊዮን የት ደረሰ አልኳት። የወንድዬ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ካርቱም አብረው ሄደው አንድ ጋራዥ ይሠሩ ነበር።

ከኋላዋ የልጆቿ ቴሌቪዥን ብቻ ይሰማኛል።

«አባዬ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» አለች።

ስልኩን ዘጋሁ። መልሷን ሰጥታኛለች።

የካቲት 18፣ ረቡዕ

ጥሩብርሃን ምስር ትለቅም ነበር፤ ሰፌዱ ጭኗ ላይ። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ሞቷል ወይ ብዬ ልጠይቅ ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«የት ነው የተቀበረው?»

እጇ አልቆመም። ትንሽ ለቀመች፣ ጠጠር አውጥታ ጣለች። ከዚያ ቆመ።

«ጋራዡ ግቢ ውስጥ» አለች። «ወደ መቃብር መውጣት አልተቻለም። ሚሊዮን ነው የቀበረው፣ በእጁ።»

የተቀረውን ቀስ እያለች ነገረችኝ። ሚሊዮን በመተማ በኩል የገባው እኔ ከሆስፒታል በወጣሁበት ሳምንት ነው። ሐኪሙ ድንጋጤ ይገድለዋል ብሏል። እሷ፣ ሃናና በየነ ተቀመጡ፤ እስኪያገግም ይቆይ ተባባሉ። ሳገግም ደግሞ የሚነግረኝ ጠፋ። በየነ ከጥምቀት በኋላ ይላል፣ ጥምቀት ሲያልፍ ከጾሙ በኋላ ይላል። «ማን ይድፈርህ?» አለች። «ማስረጃ አምጡ ብለህ ልጁን ጭቅጭቅ ልታደርገው።»

«ቅዳሜ ጠዋት ሳያቸው...» አለች፤ ሰፌዱን አስቀመጠችው። «ሊነግሩህ የመጡ መሰለኝ። ጋቢያቸውን ሳይ፣ በቃ ቀኑ ደረሰ፣ ዛሬ በቤቴ ላለቅስ ነው አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አምሐ... ደስ አለኝ።»

እስከ ዛሬ የት አለቀስሽው አልኳት። ጥያቄው ወጥቶ ሳያልቅ መልሱን አወቅሁት። ሳንሱሲ። አስኮ። የማታውቃቸው ሰዎች ድንኳን ውስጥ። ልጄ ስንት ጊዜ በሌላ ሰው ስም ተለቅሷል...

እንድታለቅስ ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ዓይኗ በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ። ለካ የለመደችውን ነው፤ እዚህ ቤት አይለቀስም።

ምስሩን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ እስኪጨልም እዚያው ነበርኩ።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

በየነ ቤት ሄድኩ። ፊቴን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ።

ይቅርታ ሊጀምር ነበር፤ አስቆምኩት። ለይቅርታ አልመጣሁም። ቅዳሜ በማለዳ መርዶ ይዘህ እንድትመጣ ነው አልኩት። ነገሬንም ኑሕንም፣ ከሰፈሩ የቻልከውን ሁሉ ይዘህ። ድንኳንም፣ አግዳሚ ወንበርም። ሚሊዮን ካለበት ተፈልጎ ይምጣ።

«ካወቅክ በኋላ መርዶ ምን ያደርጋል?» አለ። «ቀስ ብለን፣ በዝምታ ብንቀመጥ... ልብህም አለ።»

«በዝምታ አይሆንም።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ሙሾ ኋላ ቀርነት ነው ስትል የኖርከው? የራስህ እናት ሲሞቱ እንኳ አልቃሽ ከግቢ አስወጥተሃል።»

«አስወጥቻለሁ» አልኩት። «አሁን አስገባ እያልኩህ ነው።»

ሐሳቤን ለወጥኩ ወይ? አልለወጥኩም። ሙሾ ዛሬም አልወድም። ይሄ የኔ ጉዳይ አይደለም። የእሷ ልቅሶ ቤት የለውም፤ ቤት ያለኝ እኔ ነኝ።

በየነ ሚሊዮን ካራ ቆሬ እንደሚኖር ነገረኝ። አጠገቤ! ስንት ጊዜ በታክሲ አልፌዋለሁ።

ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ። ነገሬ ከመጀመሪያው ንገረው ሲል ነበር፣ የከለከልኩት እኔ ነኝ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እንዴት አወቅክ አለ።

አይቼዋለሁ አልኩት።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

በማለዳ መጡ። ካለፈው ቅዳሜ ይበዛሉ። ትናንት ምሽት ለጥሩብርሃን ነግሬያታለሁ፤ ነገ ይመጣሉ፣ በሩን እኔ እከፍታለሁ ብዬ። አልተኛችም። ጥቁር ልብሷን ከሳጥን ስር አወጣች። ለካ ተዘጋጅቶ የነበረ ነው።

በየነ «ወንድዬ አርፏል» አለ። የሚያውቀውን ለሚያውቅ ሰው፣ በሙሉ ድምፅ።

እሷ ጮኸች። አጥሩ የተነቃነቀ መሰለኝ። ሰዎች ሊይዟት ሮጡ። ተዉአት አልኳቸው። ልትወድቅ ነው አሉኝ። ትውደቅ፣ መሬቱ የራሷ ነው አልኩ።

ከዚህ በላይ ዛሬ መጻፍ አልችልም።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ሠልስት ወጣ።

ሚሊዮን ትናንት ፊቴ ተቀመጠ። ቀጭን ሆኗል። ሁሉንም ጠየቅኩት። የቱ ጋ እንደተመታ፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ ጉድጓዱን በምን እንደቆፈረ። በጄኔሬተር መክደኛ ቆርቆሮ አለኝ። ራሱን ወዴት አድርገህ አስተኛኸው አልኩት። ወደ ምሥራቅ አለኝ። ማስረጃ ልጠይቅ አሰብኩ... ከዚያ እጁን አየሁት። መዳፉ ላይ ቆርቆሮው የቆረጠው ጠባሳ አለ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆንኩ በደንብ አላስታውስም። በየነና ኑሕ በሁለት ወገን ይዘውኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። አልቃሿ ሴት ስሙን ስትጠራ አንድ ወንድ አብሯት ሲጮህ ሰምቻለሁ።

ጥሩብርሃን ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ተኝታለች። በቀን ስትተኛ አይቼ አላውቅም። ሃና ትብላ እንጂ ልቀስቅሳት አለች፤ ከለከልኳት። በሩ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ በእጄ ድንኳኑን አሳየዋለሁ፤ እዚያ ነገሬ ይቀበላል።

አንዷ ከሩቅ የመጣች ዘመድ ቀርባ፣ እንዴት ቻልከው ወንድሜ አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። የወጣ ነገር የለም። ከትናንት ጀምሮ ድምፅ የለኝም።